ሮብዓምና አብሮ አደጎቹ፤ ለወጣቶች ስለሚሰበክበት ትርጓሜ የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።

ወጣት ክርስቲያን ከባልንጀሮቹ ግፊትና ከዓለም ፍቅር እንዲጠበቅ በሚመከርበት ጉባኤ ሁሉ ከሚጠቀሱት ታሪኮች አንዱ የሰሎሞን ልጅ የሮብዓም ታሪክ ነው። ይኸውም በመጽሐፈ ነገሥት ሣልስ፣ በአዲሱ አቈጣጠር ነገሥት ቀዳማዊ በሚባለው፣ በምዕራፍ 12 ተጽፎ ይገኛል። ሰባኪው ታሪኩን ያነባል፤ ከዚያም ሽማግሎች ደግ መከሩ፣ ወጣቶች ክፉ መከሩ፣ ንጉሡም የወጣቶችን ሰምቶ መንግሥቱ ተከፈለች፤ ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ሽማግሌ የሚላችሁን ስሙ፣ ከእኩዮቻችሁም ራቁ ብሎ ይፈጽማል። እኔም ራሴ ብዙ ዘመን እንዲሁ አስተምሬአለሁ። አሁን ግን ዕድሜዬ ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ ምዕራፉን ደጋግሜ ስመለከተው፣ ይህ ትርጓሜ ከንባቡ ጋር እንደማይስማማ፣ ልንጠብቀው የምንወደውንም ልጅ እንደማይጠብቀው ስላየሁ፣ ያየሁትን ለሊቃውንቱና ለተከበሩት አንባብያን ላቀርብ ወደድሁ።

አስቀድሜ ግን የትርጓሜውን ደግ ጎን ልመስክር። ሽማግሌን ማክበር የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ በሽበታም ፊት መነሣት እንደሚገባ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ታዟል። አገራችንም በሽማግሌ ዕርቅና በአባት ምርቃት የኖረች አገር ናት። ስለዚህ የምነቅፈው ሽማግሌን ማክበርን አይደለም፤ የምዕራፉን ፍሬ ነገር በዕድሜ ላይ ማንጠልጠልን ነው።

እስኪ ንባቡን እንጠይቀው። ሮብዓም በነገሠ ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር? በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 14 ቍጥር 21 ላይ 41 ዓመቱ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ በዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 12ም ይኸው ቍጥር ተደግሟል። በግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም 16 ዓመት የሚል ተጨማሪ ንባብ የያዘ ቅጂ እንዳለ አልክድም፤ ነገር ግን 41 የሚለው በሁለት መጻሕፍት የጸና ነውና እርሱን እከተላለሁ። እንግዲህ ንጉሡ የ41 ዓመት ሰው ከሆነ፣ ከእርሱ ጋር ያደጉት አማካሪዎቹም በ40 ዓመት አካባቢ የነበሩ፣ ሚስት ያገቡ፣ ልጅ የወለዱ፣ ጢማቸው የሞላ ሰዎች መሆናቸው ነው። መጽሐፉ ግን ብላቴኖች ይላቸዋል። የገዛ ልጁ አብያም በዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 13 ስለዚያ ዘመን ሲናገር አባቱን ብላቴና፣ ልቡም ያልጠና አድርጎ ይገልጸዋል። መጽሐፍ በዚህ ስፍራ ብላቴንነትን የቈጠረው በልብ እንጂ በጢም እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ለልጁ የባልንጀራ ግፊት የወጣትነት ደዌ ነው ብለን ብናስተምረው፣ ዕድሜ ሲጨምር በራሱ የሚድን ይመስለዋል፤ ጢሙ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ከወጣ በኋላም ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን አይፈልግም። ሮብዓም በ41 ዓመቱ አልዳነም ነበር። እኛም ብዙ ሽበታሞች ዛሬ ከእኩዮቻችን ፊት እንዳናፍር ብለን የማናምንበትን እንናገራለን፤ የምናምንበትንም እንውጣለን።

ደግሞም የምዕራፉ ትምህርት «ለሽማግሌ ታዘዝ» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ 13 ወዲያው ያፈርሰው ነበር። በዚያ ምዕራፍ ከይሁዳ የመጣውን የእግዚአብሔርን ሰው ዋሽቶ ከመንገዱ የመለሰው፣ እንዳይበላ የተከለከለውንም እንጀራ ያበላው፣ በቤቴል የሚኖር ሽማግሌ ነቢይ ነው፤ የእግዚአብሔርም ሰው በመንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። በሶስና ታሪክም ሐሰተኞቹ ፈራጆች ሽማግሎች፣ እውነቱን የገለጠው ዳንኤል ግን ብላቴና ነበር። ሳሙኤል በልጅነቱ ለካህኑ ለዔሊ የእግዚአብሔርን ቃል አደረሰለት። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ልጅነቱ ማንም እንዳይንቀው አዝዞታል። ስለዚህ የነገሩን መቈለፊያ በሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባናል።

እኔ እንዳየሁት ምዕራፉ ስለ ሮብዓም አወዳደቅ ሦስት ምልክት ይሰጠናል።

የመጀመሪያው ምልክት ማዕዱ ነው። ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስበው ንጉሡን የለመኑት የአባቱን ከባድ ቀንበር እንዲያቀልላቸው ነበር። ይህ ቀንበር ምን እንደ ነበረ በምዕራፍ 4 የተጻፈውን የሰሎሞንን የዕለት ቀለብ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ለአንድ ቀን 30 ቆሮስ መልካም ዱቄት፣ 60 ቆሮስ መናኛ ዱቄት፣ 10 የሰቡ በሬዎች፣ 20 የመስክ በሬዎች፣ 100 በጎች፣ ከዚህም ሌላ የዱር አራዊትና የሰቡ ወፎች። መጽሐፉ ስለ ብላቴኖቹ ሁለት ነገር ብቻ ይነግረናል፤ ከሮብዓም ጋር ማደጋቸውንና በፊቱ መቆማቸውን። ያደጉትም በዚህ ማዕድ ነው። ዱቄቱ ተፈጭቶ፣ በሬው ታርዶ ሲቀርብ አይተዋል፤ ማን አርሶት፣ ማን ተሸክሞት እንደ መጣ ግን አላዩም። ሸክሙን ስለማያውቁት፣ የተሸከመው ሰው ሲጮኽ ጥጋብ መሰላቸው። ሽማግሎቹም ከዚያው ማዕድ በልተዋል፤ ነገር ግን ማዕዱ እንዲህ ሳይሰፋ የነበረውን ዘመን ያስታውሱ ነበርና ንጉሡ ለአንድ ቀን ለሕዝቡ አገልጋይ እንዲሆን መከሩት። ስለ ዓለማዊነት ስንሰብክ ልብስንና ዘፈንን አስቀድመን እንቈጥራለን። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ዓለማዊነት ግን ከዚያ የጠለቀ ነው፤ የሚበሉትን የተሸከመውን ሰው አለማየት ነው። ይህም ነጭ ለብሶ፣ ጾም እየጾመ ባደገ ልጅ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ምልክት በንግግሩ ውስጥ ተሰውሮ ያለ ነው። ዕብራይስጥ የተማረ ባልንጀራዬ እንዳሳየኝ፣ ንጉሡ ሽማግሎቹን ሲጠይቅ ለዚህ ሕዝብ መልስ ለመስጠት እንዴት ትመክራላችሁ ይላል፤ አብሮ አደጎቹን ሲጠይቅ ግን ምን ብለን እንመልስ ብሎ እነርሱን ከራሱ ጋር ይደምራል። ይህ ልዩነት በየልሳኑ በተመለሰው ንባብ ሁሉ አይታይም፤ በዕብራይስጡ ግን በቍጥር 6 እና በቍጥር 9 መካከል ጐልቶ ይታያል። ከዚህም ጋር ቍጥር 8ን ማስተዋል ይገባል፤ የሽማግሎቹን ምክር መተዉ የተነገረው ከብላቴኖቹ ጋር መማከሩ ከመነገሩ በፊት ነው። ወደ እነርሱ ሲሄድ ልቡ አስቀድሞ ሄዷል። ምክር ጐድሎት ሳይሆን አጋር ፈልጎ ሄደ፤ ብቻውን ሊናገረው የሚያፍርበትን ነገር ከብዙዎች ጋር ሆኖ ሊናገረው ፈለገ። አብሮ አደጎቹ አሳሳቱት ብቻ ብንል እንግዲህ ለሮብዓም እናደላለታለን። የባልንጀራ ግፊት በብዙው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከውጭ የሚገፋው እጅ ብርቱ የሚሆነው ከውስጥ በሩን የከፈተለት ሲኖር ነው።

ሦስተኛው ምልክት ንጉሡ ሳይናገረው የቀረው ቃል ነው። ብላቴኖቹ ለሕዝቡ ሦስት ነገር እንዲናገር መከሩት፤ ታናሽ ጣቱን ከአባቱ ወገብ የሚያስበልጥ ትዕቢት፣ ቀንበሩን ማክበድ፣ በአለንጋም ፈንታ በጊንጥ መግረፍ። በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ሲሰበሰብ ግን ሁለቱን ተናገረ፤ የጣቱን ነገር አልተናገረም። በምዕራፉም በዜና መዋዕሉም የለም። በጓዳ ሲባል አሥቋቸው ይሆናል፤ በአደባባይ ግን አፉ እንቢ አለው። ይህ የሚያሳየን የሮብዓም ኅሊና ፈጽሞ እንዳልሞተ ነው። ከቃሉ አንዱን ያስቀረ ኅሊና ሁለቱንም ሊያስቀር በቻለ ነበር። ወጣቱን ልናስተምረው የሚገባንም ይህን ነው፤ በባልንጀሮችህ መካከል ሳለህ የተናገርኸው በእናትህና በንስሐ አባትህ ፊት የማይደገም ከሆነ፣ ያ አለመደገሙ ራሱ መካሪህ ነውና ስማው።

ይህን «እኛ» የሚለውን ቃል የምከስሰው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ በቅኔ ቤት ነበርሁ። ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ የመጣ አንድ አዲስ ተማሪ ነበረ። አንድ ማታ የኔታ በሌሉበት ተሰብስበን ቅኔያችንን እርስ በርሳችን ስንነጋገር፣ ተራው ደርሶት ጉባኤ ቃናውን ጀመረ፤ ቃሉ ጠፋበት፤ ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ ጠፋበት። ከነባሮቹ አንዱ ሳቀ፤ ሁለተኛው ተከተለ። እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁም ነበር፤ ነገር ግን ዝም ብል ነገ የሚሳቅብኝ እኔ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁና ከሁሉ ይልቅ ጮኬ ሳቅሁ። በማግሥቱ ጎጆው ባዶ ሆኖ ተገኘ። በሌሊት ወጥቶ ሄዷል፤ ወዴት እንደ ደረሰም እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የኔታ ሰብስበው ማን እንደ ሳቀ ጠየቁን። እኔም ደፋር መስዬ «ሳቅን፤ የኔታ» አልሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ሳቅን የሚባል ተማሪ በጉባኤዬ የለም፤ አንተ ሳቅህ ወይ?» አሉኝ። ያን ጊዜ «አዎን፤ ሳቅሁ» ለማለት ያፈርሁትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። በመጨረሻውም ቀን እያንዳንዱ ስለ ራሱ መልስ ይሰጣል እንጂ በማኅበር የሚጠራ የለም።

የሮብዓምም «እኛ» እስከ ምን ጸና? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ930 ዓመት ገደማ በሆነው በዚያ ቀን ዐሥሩ ነገድ ከዳዊት ቤት ተለየ። ንጉሡ የግዳጅ ሥራ አዛዡን አዶራምን ላከ፤ ሕዝቡም በድንጋይ ወግረው ገደሉት። ሮብዓም ፈጥኖ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። ብላቴኖቹ በዚህ ጊዜ ወዴት ነበሩ? ንጉሡ እንደ ምክራቸው ለሕዝቡ ከመለሰ በኋላ በታሪኩ ስማቸው ዳግመኛ አይነሣም። በምክራቸው የሞተው የአባቱ ዘመን ሹም ነው፤ የሸሸውም ብቻውን ተጽፎ የቀረው ንጉሡ ነው። ምከረው፣ ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው እንደሚባለው፣ ሮብዓምም ከዚህ በኋላ ወንድሞቹን ለመውጋት 180 ሺህ ሰው ሰብስቦ ሳለ ነቢዩ ሸማያ እንዳይወጣ ሲከለክለው ታዘዘ። ለምክር የዘጋውን ጆሮ መከራ ከፈተው።

ነገር ግን የጠፋው ሁሉ አልተመለሰም። በነገሠ በ5ኛው ዓመት የግብፅ ንጉሥ ሺሻቅ መጥቶ ሰሎሞን ያሠራቸውን የወርቅ ጋሻዎች ወሰደ። በካርናክ መቅደስ ግንብ ላይ ቀዳማዊ ሸሾንቅ የሚባለው የግብፅ ንጉሥ የዘመተባቸው አገሮች ስም ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ብዙዎች ሊቃውንትም ሺሻቅ እርሱ ነው ይላሉ። ሮብዓምም በወርቁ ፈንታ የናስ ጋሻ አሠራ፤ ወደ እግዚአብሔር ቤት በሄደ ጊዜ ዘበኞቹ ያንን ይሸከሙ ነበር፤ ሲመለስም ወደ ዘበኞቹ ቤት ያገቡት ነበር። ሰልፉ አልቀረም፤ የቀረው ወርቁ ነው። ልጆቻችን ከቤተ ክርስቲያን ፈጽመው ሲለዩ እናለቅሳለን፤ ሰልፉን ሳያቋርጡ ወርቁን በናስ ሲለውጡ ግን ብዙ ጊዜ አናይም። በዓሉን ያከብራሉ፣ ነጠላውን ያጣፋሉ፣ ጓደኛ ያከበረውን ሁሉ ግን ያከብራሉ፤ ያቃለለውንም ያቃልላሉ።

እንግዲህ ወጣቱ ምን ያድርግ? ለዚህ ከሮብዓም ቀጥሎ ዳንኤልን ማንበብ ይገባል፤ እርሱም በንጉሥ ማዕድ የተፈተነ ነውና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ዓመት ገደማ ናቡከደነፆር ከይሁዳ የንጉሥ ዘርና የመኳንንት ልጆች የሆኑትን ብላቴኖች አስወስዶ፣ ከራሱ መብልና ወይን እየተቀለቡ ሦስት ዓመት እንዲያድጉ አዘዘ። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ ከይሁዳ ልጆች መካከል እንደ ነበሩ በምዕራፍ 1 ቍጥር 6 ተነግሯል፤ ስለዚህ ከማዕዱ የሚበሉ የገዛ አገራቸው ልጆችም በአጠገባቸው እንደ ነበሩ አስባለሁ። የጃንደረቦቹም አለቃ የፈራው የእነርሱ ፊት ከእኩዮቻቸው ፊት ከስቶ እንዳይታይ ነበር።

በዚህ ስፍራ ግን ሌላ የተለመደ ትርጓሜ እነቅፋለሁ። ዳንኤልን የባቢሎንን ነገር ሁሉ እንቢ ያለ አድርገው የሚያስተምሩ አሉ። ንባቡ እንዲህ አይልም። ብልጣሶር ተብሎ ሲሰየም ስለ ስሙ አልተጣላም፤ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተማረ፤ ሹመትም ተቀበለ። እንቢ ያለው የሚያረክሰውን ማዕድ ነው። እኛ መምህራን ይህን ለይተን ስላላስተማርን፣ ልጁን ከአዲስ ትምህርትም፣ ከአዲስ ዕቃም፣ ከአዲስ አነጋገርም እኩል እንከለክለዋለን። ልጁም አንዱን ነክቶ እንዳልሞተ ባየ ጊዜ ሁሉንም ውሸት ነው ይላል፤ እውነተኛው ማዕድ ሲቀርብለትም የሚለይበት ሚዛን የለውም።

ዳንኤል እንቢታውን ያደረገበትም መንገድ ትምህርት ነው። አስቀድሞ በልቡ ቈረጠ፤ ከዚያም በኋላ ለመነ። ማዕዱ ከተዘረጋ፣ ጓደኞች ከተቀመጡ፣ ጽዋው ከተቀዳ በኋላ መምከር ለጠንካራም ሰው ጭንቅ ነው። ሮብዓም ለመምከሪያ ሦስት ቀን ተሰጥቶት በአብሮ አደጎቹ ድምፅ ሞላው። የዛሬ ልጅ ደግሞ ከእኩዮቹ የሚለይበት ሦስት ቀን ይቅርና ሦስት ሰዓት ያጣል፤ ከቤቱ ገብቶ በሩን ቢዘጋም በኪሱ በያዘው ስልክ አብረውት ያድራሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ብቻውን ሆኖ የሚጸልይበትና የሚቈርጥበት ሰዓት ሊኖረው ያስፈልጋል። ዳንኤል ደግሞ በትሕትና ጠየቀ እንጂ የሚበሉትን አልሰደበም፤ ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ሰጥተው እንዲፈትኗቸው ለመነ። እንቢታውን በስድብ የሚጀምር ልጅ ከእኩዮቹ አንድ ትዕቢት አምልጦ በሌላ ትዕቢት ይያዛል።

ከእኩዮቻችሁ ራቁ የሚለውም ትእዛዝ በዳንኤል ዘንድ አይጸናም፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እኩዮቹ ነበሩና። ነገር ግን በምዕራፍ 3 ሦስቱ በእሳቱ ፊት ሲቆሙ ዳንኤል በዚያ አልተጠቀሰም። እርሱ በሌለበትም አልሰገዱም፤ በእርሱ እንቢታ ተደግፈው የቆሙ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ቀን በወደቁ ነበር። እነርሱም «እኛ» ብለው ለንጉሡ መልሰዋል፤ ያ «እኛ» ግን እያንዳንዱ ብቻውን እንቢ ማለት የሚችል ሦስት ሰው የተሰበሰበበት ነው። ለልጃችን የምንፈልግለት ባልንጀራ እንዲህ ያለ ነው።

በመጨረሻ ለራሳችን ልናገር። ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ በባለጸግነትና በታላቅ ስም ቤት ልጅ የምታሳድጉ፣ የማዕዳችሁን ሸክም ለልጁ አሳዩት፤ ገበሬውን፣ እረኛውን፣ ውኃ ቀጂዋን በስማቸው ይወቃቸው። ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ እኛም በባለጸጎች ማዕድ ተቀምጠን ባለቤቱ ሊሰማ የሚወደውን ብቻ የምንናገርበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ሽበታችን ቢነጣም ከሮብዓም ብላቴኖች ወገን ነን፤ በጓዳ የሚያየን ልጅ በዐውደ ምሕረት የምንሰብክለትን አይሰማም። ልጁ ብቻውን «እኔ» ብሎ እንዲቆም የምንፈልግ ከሆነ አስቀድሞ አንድ ሰው እንዲህ ቆሞ ሊያይ ይገባዋል።

እኔ ያን ተማሪ ዳግመኛ አላገኘሁትም፤ ይቅርታም አልለመንሁትም። ስለዚህ ወጣቶችን ሳስተምር የየኔታን ጥያቄ እንደ ዕዳ እያስታወስሁ እጠይቃቸዋለሁ፤ ባልንጀሮችህ ያሉትን ሰማሁ፤ አንተስ ምን አልህ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።